ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት አማቴ

እናቴ ገና በእግሬ ሳልሄድ ስለሞተች፣ ሚስት ሳገባ እናትም አብሬ ያገባሁ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት ነው። ሚስቴ የተወለደችው ከጎጆ ከተማ በላይ፣ መኪና በማይወጣበት ተራራ ጫፍ ላይ ባለች መንደር ነው። በዚያ መንደር ደግሞ አማትና የልጅ ባል አይተያዩም። አይጨባበጡም፣ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፣ ስም አይጠራሩም። አንዱ ለሌላው የሚለው ነገር ቢኖረው በሦስተኛ ሰው ያስነግራል። በምንኖርባት አምቦ ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብዬ ሳቅኩባት። የከተማ መምህር ነኝና ወጉ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የወጣን ቀን ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ አልተነሳም ነበር። የበጎቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ አይታዩም። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ሰላምታው ቀድሞ ይደርስና ሰውየው ኋላ ይመጣል። መንገዱን ሁሉ በህልሜ የምሄድ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልነቃም ፈልጌ ነበር። ቤት እንደገባን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሻከር ያለ የሴት ድምፅ «ሶዳዬ በሰላም ገቡ ወይ በያቸው» አለ። ሶዳ በአፋን ኦሮሞ አማች ማለት ነው። ከእኔ እስከ መጋረጃው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ሚስቴ ሳቋን እየዋጠች ወደኔ ዞረችና «በሰላም ገባህ ወይ ይሉሃል» አለችኝ።

«በሰላም ገብቻለሁ በያቸው።»

እሷም እንዳልሰሙ ሁሉ ደግማ ነገረቻቸው። ከዚያ በመጋረጃው ስር አንዲት እጅ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን ገፋ አደረገች። ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እንወጣለን፤ ድምፁ ይጠይቀኛል፣ እጁ ያበላኛል። አማቴ የወንጌል አማኝ ናቸው። አንዴ ሚስቴ «ወንጌላዊው ራሱ ይህን ወግ ተዉት ብሎ የለም ወይ» ብትላቸው «ጌታን ተቀበልኩ እንጂ ነውርን አልተቀበልኩም» ብለው መለሱላት። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሆድ ባሰኝ።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ስንሄድ ታመው አገኘናቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮሃል። ያያቸው የጤና ባለሙያ ሳንባ ምች ነው፣ ሳይውል ሳያድር አምቦ ውሰዷቸው ብሏል። እሳቸው ግን «ከሶዳዬ ጣሪያ ስር አላድርም» ብለው እንቢ አሉ። ቤታችን ሁለት ክፍል መሆኑን ያውቃሉ፤ መጋረጃ ቢዘረጋ እንኳን በሩ አንድ ነው። እኔን ለማክበር ብለው ሊሞቱ ነው። ተናደድኩ። ተናደድኩ ከምል ፈራሁ ብል ይሻላል።

«ሆስፒታሉ የመንግሥት ነው በያቸው» አልኳት ሚስቴን። «ጣሪያውን እኔ አላለበስኩትም።»

  ከመጋረጃው ወዲያ «እንግዲያው ያንሱኝ» አሉ።

በቃሬዛ ይዘናቸው ወረድን። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች እሳቸው እንዳያዩኝ ብለው በራስጌያቸው በኩል መደቡኝ። በጉሙ ውስጥ የፊተኞቹ ተሸካሚዎች ጀርባ ይታየኛል፣ ይጠፋብኛል፤ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። ቁልቁለቱ መሃል ላይ አማቴ ሚስቴን ጠሩና «ሶዳዬ ትከሻ ይቀይሩ በያቸው፣ ደክሟቸዋል» አሉ። አፌ ከጆሯቸው ክንድ አይርቅም ነበር። «አልደከመኝም በያቸው» አልኩ።

ሆስፒታልም ወጉ አልቀረም። ሚስቴ ከአልጋው አጠገብ፣ እኔ ከበሩ ውጪ ሆነን ሰነበትን። አንድ ከሰዓት ግን ሾርባ ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች። ከውስጥ ሳል ሰማሁ፤ ከዚያ ሳሉ ታፈነ። ዘልዬ ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። በዓይኔ ጠርዝ ከትራሱ ተንሸራተው ተጣጥፈው መውደቃቸውን አየሁ። ጎናቸው ያለው አልጋ ባዶ ነው። ነርሷን ልጥራ ብወጣ ትንፋሻቸው እስክመለስ የሚቆይ አልመሰለኝም። በመካከላችንም ቃል የሚያሻግር ሰው አልነበረም።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ለእሱ ነገርኩት።

«አንተ መስኮት፣ ላንሳዎት ወይ ይላል በላቸው።»

ውጪ ባጃጅ አለፈ። መስኮቱ የሚመልስልኝ ይመስል ጠበቅሁ። አማቴም ለመስኮቱ መለሱ፤ ድምፃቸው ክር አክሏል።

«ለልጄ ንገረው፤ ደግፎ ያንሳኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። በእጄ ፈልጌ ከብብታቸው ስር ያዝኳቸውና ትራሱ ላይ አደገፍኳቸው። ቀላል ነበሩ። ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ መለስ አለ፤ ሲሻላቸውም ያን ተራራ በእግራቸው ነው የወጡት። ያን ዕለት ግን ልለቃቸው ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ እናቴ «ልጄ» ያለችበትን ድምፅ ግን አላስታውስም። ዓይኔን እንደጨፈንኩ አለቀስኩ። ሚስቴ ሾርባውን ይዛ ስትገባ ክንዴን ገና አልለቀቁትም።