አባቴ ለዘይነባ የሠራው አምባር

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመብራት ሽቦ ተቆርጦ ሁለት ቀን በጨለማ አሳለፍን። የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማራገቢያ ከቆመ ቤት ውስጥ አይቀመጡም። በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት ፖሊስ ከባጃጅ ወርዶ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ሽቦ ይዞ ያለፈ ሰው አይተዋል?» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን የያዝኩት ውሃ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። የልጅ ልጄ ሮጣ መጥታ፣ «ምን ሆንሽ? ስኳርሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ስኳር እንኳ በሆነልኝ።

ከሰባ ዓመት በላይ ያለፈ ጉዳይ ነው። ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ ነበር። እኛ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ማሽላና ጥጥ እያረስን እንኖራለን። አባቴ ኢብራሂም ገበሬ ይባል እንጂ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። እኛ ቤት ልጅ ሲወለድ፣ ጥርስ ሲነቀል፣ ጾም ሲጀመር፣ ሁሉም የሚታወሰው በእሱ እጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ቀን የጾምኩ ዕለት በማሽላ አገዳ ትንሽ ወፍጮ ሠርቶ መስኖው ላይ ተከለልኝ። ውሃው ሲመታት እየተንጫጫች ትዞራለች፤ እኔም ረሃቤን ረስቼ እስከ መግሪብ ሳያት ዋልኩ። አንዴ ደግሞ ገመዱ ሲሳብ መንጋጋው ቀጭ የሚል ጅብ ከእንጨት ጠርቦ እናቴ እህል የምትዘግንበት ጎታ ውስጥ ደበቀው። እናቴ የጮኸችው ጩኸት! «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ሆነህ ልትቀር ነው?» እያለች በመጥረጊያ አሳደደችው። እኔና ታላቅ እህቴ ዘይነባ በሳቅ ፍርስ አልን።

ዘይነባ ስትታጭ ግን የአባቴ ፊት ከበደ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የብር አምባር አደርግልሻለሁ ይላት ነበር። አሁን የአሊዩ አምባ ገበያ ቀዝቅዟል፤ ብር አንጣሪው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። «ልጄን ክንዷ ባዶ ሆኖ ልስጣት?» እያለ ይብሰለሰላል።

በዚያ ሰሞን ጣሊያን መንገዱን ተከትሎ ምሰሶ ተክሎ የስልክ ሽቦ ዘርግቶ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ያፏጫል፤ ከብቶቻችን እንኳ ከሥሩ ማለፍ አይወዱም። በገበያ ቀን አዋጅ ተነገረ፤ ሽቦውን የነካ ይሰቀላል ተባለ። ከሳምንት በኋላ ከባድ ዝናብ አንዱን ምሰሶ ጣለው። ሠራተኞቹ መጥተው አዲስ ሽቦ ወጥረው ሲሄዱ፣ የተበጠሰው መዳብ ጥጥ ማሳችን ውስጥ ቀረ። አባቴ አልቆረጠም፤ ወድቆ አገኘና አነሣ። እናቴ ስታየው ፊቷን ያዘች።

«ኢብሬ፣ በአላህ! ይኼን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ!»

«ማንም አያውቀውም» አላት። «አሳምሬ ነው የምሸፍነው።»

እውነትም አሳመረው። ሽቦውን ሦስት ሦስት አድርጎ ጎነጎነና አምባር አደረገው፤ በላዩ ላይ ጥቁርና ቀይ የጥጥ ክር አጥብቆ ጠመጠመበት። መዳብ መሆኑ በየት በኩል ይታይ? ለዘይነባ ስምንት፣ ለእኔ ለታናሿ አንድ ሠራልን። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። «ክሩን እንዳትነኩት፣ እሺ? እንዳትነኩት» ብሎ ሁለቴ አስጠነቀቀን።

እኛ ዘንድ ግን አንድ ልማድ ነበር። ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ያላገቡ እህቶቿ ጌጧን በሎሚና በአመድ አሽተው ያበሩታል፤ ጌጧ ያልታሸላት ሙሽራ ትዳሯ ይጨልማል ይባላል። የሰርጉ ዋዜማ ዘይነባ ጓዳ ተቀምጣ አለቀሰች። «ክር በሎሚ ይታሻል? የኔ ነገር ከመጀመሪያውም ጨለማ ነው» አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። ላባብላት ብዬ፣ «የኔን አሽልሻለሁ፤ የእህት ጌጥ የእህት ነው» አልኳት። ወደ ጓሮ ወጥቼ የአምባሬን ክር ፈታሁትና በሎሚና በአመድ አሸሁት። ወላሂ፣ ወርቅ መሰለ! ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ስለዋልኩ አባቴም አላየውም።

በማግስቱ ከሰዓት ሙሽራዋ በበቅሎ፣ እኛ በእግር ሆነን መንገዱን ልናቋርጥ ስንደርስ ባንዶች ቆመው ጠበቁን። ወንዶቹን ፈተሹና ዘይነባን አሳለፏት። እኔ ከሴቶቹ መጨረሻ ላይ ነኝ፤ እልል ልል እጄን ወደ አፌ ሳነሳ ነጠላዬ ተንሸራተተ። አንዱ ባንዳ ክንዴን ቀጭ አድርጎ ያዘው።

«እናንተ እለፉ» አላቸው ሴቶቹን። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በኛው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይኼን ማን ሠራልሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አለኝ።

ለስላሳነቱ ነው ያስፈራኝ። አባቴ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ። ምላሴ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ፤ «አደም ነው የሸጠልን፤ ጨው ነጋዴው።» አደም በዓመት ሁለቴ ከበረሃ ጨው ጭኖ የሚመጣ፣ ባለፈ ቁጥር እኛ ቤት ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው። ግመሎቹን ይዞ ከወረደ ሰንብቷል። እሱ እስኪመለስ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነው። ባንዳው አምባሩን ከክንዴ አወለቀና ለቀቀኝ። ሮጬ ከሴቶቹ ተቀላቀልኩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰርጉም ደመቀ።

ለካስ የአደም ግመል ታማበት አሊዩ አምባ ቀርቶ ኖሯል። በአራተኛው ቀን ምሳ ቀርቦልን ሳለ ጎረቤታችን ገባና፣ «ጨው ነጋዴውን ይዘውታል፤ በሽቦ ሌባነት ነገ ሊሰቅሉት ነው» አለ። አባቴ የያዘውን ጉርሻ መለሰ። እጁን ታጥቦ ዙሁሩን ሰገደ። ከዚያ ከጣራው ሥር የተረፈውን ሽቦ አወጣና በጨርቅ ጠቀለለው።

እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። «አንተን ማን ጠየቀህ? ልጆችህን አታስብም?»

«እኔ በሠራሁት ሌላ ሰው ይሙት?» አላት።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ «አባዬ...» አልኩ፤ የቀረው አልወጣ አለኝ። «አሚናት፣ ለእናትሽ ውሃ ስጫት» ብሎኝ በመንደሩ መሐል ወረደ። ፈጥኖ አልሄደም፤ ዘወርም አላለም።

በማግስቱ አደም ብቻውን መጣ። አባቴን ጠዋት ሰቅለውት ነበር። ለቅሶው መሐል አደም ወደ ጓሮ ጠራኝ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «ስሜን ማን እንደሰጠ ነግረውናል፤ ለእኔም ለአባትሽም» አለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። «አባትሽ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጅ ናት፤ ለእኔ ብላ ነው። ለማንም እንዳትነግርብኝ፣ አደራ› አለኝ። ከእኔ አይወጣም።» አደም ቃሉን እስከ መቃብሩ ጠበቀ። አላህ ይዘንለት።

ዘይነባ ከጫጉላ ቤት እየጮኸች ስትመጣ አምባሮቹን ከክንዷ እየመነጨቀች ሜዳ ላይ ትበትን ነበር። «አባዬን የበላሁት እኔ ነኝ! የኔ ሰርግ ነው የበላው!» አለች። ዕድሜዋን ሙሉም ይህንኑ አለች። ሦስት ሴቶች ልጆቿን ስትድር ጌጥ አላደረገችላቸውም፤ እልልታ ሲጀመር ተነሥታ ጓዳ ትገባለች። እኔ ነኝ ተከትያት የምገባው። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ «ተይ እህቴ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» እላታለሁ።

አደራ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አባቴ አደምን አደራ ያለው ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ብሎ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ሞላኝ፣ ስልሳ ሞላኝ፤ ከዚያ አደራ ሥር አልወጣሁም። ዘይነባ ያረፈችው አምና ረመዳን ሲገባ ነው። የመጨረሻዋ ሌሊት እጄን ይዛ፣ «አሚናት፣ አባዬ ይቅር የሚለኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ይልሻል» አልኳት። ይኼን ብቻ ነው ያልኳት።