ቅማል የማትገድለው አክስቴ

እርጥብ የድንብላል ቅጠል ከገበያ መጥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ሲከተፍ አፍንጫዬን ይዤ እወጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ቅጠል እኮ ነው!» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔን ግን የሚሸተኝ የተጨፈለቀ ትኋን ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ዓይነት ሊሸቱ እንደቻሉ ፈጣሪ ይወቀው። ብቻ ያ ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር ሱሉልታ ያለው የልጅነት ቤታችን ድቅን ይልብኛል፣ ሳላውቀውም ጣቶቼን በቀሚሴ እጠርጋለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ የጎጃሙን መንገድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ስለነበር፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ረግረጉ ሜዳ ጫፍ ላይ በተሠራ የጭቃ ቤት እንኖር ነበር። ግድግዳው ክረምት እየራሰ፣ በጋ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ በየስንጥቁም ትኋን ይራባል። እናቴ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የጠፍር አልጋውን ደጅ አውጥታ፣ የፈላ ውሃ በየመጋጠሚያው እያፈሰሰች፣ ደም ጠግበው እንደ ምስር ያበጡትን ታረግፋቸው ነበር። ውሃው ቀልቶ በእግሬ ሥር ሲወርድ እየዘለልኩ እሸሻለሁ። ውስጥ ደግሞ፣ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ በአውራ ጣት በተጨፈለቁ ትኋኖች ቡናማ ሰረዝ በሰረዝ ሆኖ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ሮጣ ያንን ግድግዳ በጀርባዋ ከልላ ትቆማለች እንጂ አትቀመጥም ነበር።

አንድ መስከረም፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ጥሩነሽ ከቡራዩ መጣች። ባሏ ሞቶ፣ ልጅም ስላልነበራት፣ አባቴ «እኛ ጋ ይሁኑ» ብሎ ለምኗት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። በመጣች ዕለት እናቴ ዶሮ ወጥ አቀረበችላት፤ አክስቴ ሳህኑን በእጇ ገፋ አድርጋ፣ «ለእኔ ጎመን ካለሽ ይበቃኛል» አለች። በነጋታው ቅቤ የገባበትን ሽሮ ተወችው። ወተትም፣ እንቁላልም፣ ማርም አትቀምስም ነበር።

ምክንያቱን ለእኔ የነገረችኝ፣ ከሜዳው ማዶ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ገለባ እየሰበሰብን ሳለ ነው። ቡራዩ ለዘመድ ሰርግ አንዲት ላም ታርዳ ሆዷ ሲቀደድ፣ ፀጉር ያበቀለ፣ ኮቴው ገና እንደ ሰም የለሰለሰ ጥጃ ከአንጀቷ ጋር ሳሩ ላይ ተዘረገፈ። አራጆቹ ስቀው ለውሾች ወረወሩት። ማታ ሥጋው ሲቀርብ አክስቴ አንድ ጉርሻ አንሥታ፣ አፏ ውስጥ ይዛው፣ መዋጥ አቃታት። የንስሐ አባቷ «ጾም ሲፈታ መብላት ኃጢአት አይደለም እኮ፣ ልጄ» ቢሏት፣ «እየጾምኩ አይደለም አባ፤ አስጠልቶኝ ነው» አለቻቸው። ከሥጋው አልፎ መግደልም አስጠላት፤ ከዚያ ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር በእጇ አልሞተም።

ትኋኖቻችንንም አልገደለችም። ከመደቧ ላይ ያገኘችውን በሳር ጫፍ አንሥታ፣ አጥሩን ተሻግራ ቦዩ ዳር ታስቀምጠው ነበር። እናቴ በቁጣ እየተንገሸገሸች፣ «እትዬ፣ ተመልሰው ይመጣሉ እኮ!» ትላለች። «ሲመጡ ደግሜ አወጣቸዋለሁ» ትመልሳለች አክስቴ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ይህን ሰምተው፣ «አካም ቡልተኒ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ! ትኋኖቹስ በደህና አደሩ?» ብለው ቀለዱባት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታቸው እሱ ሆኖ ቀረ።

በጋው ሲገባ የኦቦ ገመቹን ላሞች መዥገር ወረራቸው። የጉሎ ፍሬ የሚያህል፣ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ መዥገር በጆሯቸውና በጡታቸው ላይ ተደርድሮ ሲታይ ያቅለሸልሻል። እኛ ልጆች እየነቀልን እሳት ላይ ስንጥለው ጧ ብሎ ይፈነዳና የተቃጠለ ደም ይሸታል። አክስቴ እሳቱን በእግሯ በትና አጠፋችው። ከዚያ ራሷ ላሟ ሥር ቁጭ ብላ በትዕግሥት ትነቅል ጀመር። ኦቦ ገመቹ በትራቸውን ተደግፈው፣ «ላሟም ነፍስ አላት፣ መዥገሩም ነፍስ አለው፤ ታዲያ የማን ወገን ነዎት?» አሏት።

«ከላሟ ላይ አወርደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ራሱን ይቻል።»

መሬት የደረሰውን መዥገር ዶሮዎቹ ሮጠው ለቀሙት። ኦቦ ገመቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አክስቴም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን የዶሮዎቹን ምንቃር አይቼ ለብዙ ጊዜ እንቁላል መብላት አልቻልኩም።

አክስቴን እወዳት ነበር፤ ግን አጠገቧ መቀመጥ እየከበደኝ ሄደ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ጋቢዋን ዘርግታ፣ በጥለቱና በስፌቱ መሃል የተሰገሰገውን ቅማል አንድ በአንድ እያነሣች ሳሩ ላይ ታኖረው ነበር። አንዳንዱ መዳፏ ላይ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነጥብ እየታየ፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ትንሹ ወንድሜ ታደሰ ግን ምንም አይጸየፍም፤ በጋቢዋ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ይተኛ ነበር።

ክረምቱ በረታ። ረግረጉ ሞልቶ ደጃችን ደረሰ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ ያጠብነው ልብስ እየሸተተ ሳይደርቅ ይከርም ነበር፤ ቅማሉ ከአክስቴ ጋቢ አልፎ የሁላችንም ሆነ። አንገቴን ሳክክ ጥፍሬ ሥር ይገባል። እናቴ በየምሽቱ ራሳችንን በጥፍሯ ስትፈልግ የቅጫሙ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

ከቡሄ በፊት ታደሰን ብርድ ብርድ አለው። ከዚያ ትኩሳቱ ነደደ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ እናቱን እያየ «እማዬ የት ሄደች?» ይል ጀመር። ኦቦ ገመቹ በቅሏቸውን ጭነው በዝናብ ሄደው ከክሊኒክ ድሬሰሩን፣ መርፌ ወጊውን፣ አመጡልን። ድሬሰሩ ወጣት ሰው ነበር፤ የታደሰን ሸሚዝ ገልብጦ ስፌቱን አየና ፊቱን ዞር አደረገ። «ተስቦ ነው» አለ። «ያመጣውም ይኸው ቅማል ነው። የቤቱ ልብስ በሙሉ ዛሬውኑ ይቀቀል።» መርፌ ወጋው፣ ራሱን አስላጨው፣ ከቆርቆሮ ነጭ ዱቄት አውጥቶ በየአንገታችን ነፋብን።

እናቴ ከልጇ አጠገብ ተነሥታ አክስቴ ፊት ቆመች። በሕይወቷ ሙሉ አንቱ ብላ ያከበረቻትን ሴት ያን ቀን አንቱታዋን ሳትተው በንግግር አቃጠለቻት። «ለቅማል አዘኑ፣ ለትኋን አዘኑ፤ ለልጄ ግን አላዘኑም!» አለቻት። አባቴ «አንቺ ሴት!» ብሎ ጀመረና ወደ እህቱ ማየት አቃተው። «ጋቢዎን ይስጡን» ሊላት እንደፈለገ፣ እንዳልቻለም ሁላችንም አየን።

አክስቴ ተነሥታ ወጣች። ደጅ፣ ጣሪያው ከዝናብ በሚከልለው በኩል፣ በርሜሉን ራሷ ጎለተች፣ ውሃ ቀድታ ሞላች፣ እሳት አነደደች። ውሃው ሲንተከተክ ከእናቴ የተበደረችውን ቀሚስ ለብሳ፣ የራሷን ልብስና ጋቢውን በሙሉ ጨመረች። ቀጥላ የእኛን። በእንጨት እያማሰለች ቆመች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አይ ነበር፤ ውሃው ላይ ግራጫ አረፋ ተንሳፈፈ፣ አረፋው ቅማል ነበር፤ ከበርሜሉ አፍ እየሞላ በጎኑ ይወርድ ነበር። ሽታው እርጥብ ውሻ የተቀቀለ ይመስል ነበር። አባቴ «እትዬ፣ ይተዉት፣ እኔ ልያዘው» ቢላት «አይሆንም» አለችው። እስኪያበቃ ድረስ ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ምንም እስከማይቀራት አስመለሰች።

ውሃ ይዤላት ስሄድ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዛፍ ተደግፋ ነበር። «ገደልኩ» አለችኝ። «ጽድቅ ነው አልልሽም፣ ኃጢአትም ነው አልልሽም። ልጁ ይዳን ብቻ።»

ታደሰ ዳነ። ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም፤ ዛሬም ሲያወሩት በቀኝ ይዞራል። ቅማሉ ከማን ተነሥቶ ማን ላይ እንደደረሰ ማንም አላወቀም፤ ድሬሰሩ በዚያ ክረምት በየቤቱ ያው እንደነበር ነግሮናል። እናቴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ዝናቡ እንዳባራ አክስቴ ጭቃና እበት ከአመድ ጋር አቡክታ፣ ግድግዳውን ስንጥቅ በስንጥቅ ትደፍን ጀመር። እናቴ መጀመሪያ ከሩቅ አየቻት፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። «መግቢያ ካጡ አይመጡም፤ ካልመጡ አንገድላቸውም» ትል ነበር አክስቴ እየለጠፈች፤ «ከመጡ በኋላማ ወይ እነሱ፣ ወይ እኛ።» ያ ቡናማ ሰረዝ ያለበት ግድግዳ ከአዲሱ ልስን በታች ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ልብስ በርሜል ውስጥ የምትቀቅለው፣ ቅማል ኖረም አልኖረ፣ አክስቴ ራሷ ነበረች። እናቴም ከገበያ አንዲት ትንሽ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ገዝታ መጣችና ቅቤ ከነካው ዕቃ ለየቻቸው፤ ድስቷን አክስቴ እስክትሞት ድረስ ሌላ ሰው አልሠራባትም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ያለብን በረሮ ነው። አፉን የሸፈነ ወጣት ጀርባው ላይ መርጫ አዝሎ ይመጣና «እማማ፣ ውጡልኝ» ይለኛል፤ በር ዘግቼ ጎረቤት ቡና ስጠጣ ቆይቼ እመለሳለሁ። የልጅ ልጄ ሥጋ አትበላም፣ የእሷ አመጋገብ ግን የፈረንጅ ስም አለው፣ እንደሷ የሚበሉ ጓደኞችም አሏት፣ የምትበላበት ምግብ ቤትም አላት። መርጨቱ አልቆ አብረን ስንመለስ በጀርባቸው የተገለበጡትን በረሮዎች እኔ እጠርጋለሁ፤ እሷ እየዘገነናት ሶፋው ላይ ትወጣለች። አልፈርድባትም፤ እኔም በልጅነቴ በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ግን ያኔ ቤቱ ሲጸዳ የሚሞተውን ነገር ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው በቤታችን ነበረ። ዛሬ ሁላችንም ውጭ ነን፣ የመድኃኒቱ ሽታ እስኪወጣ እንጠብቃለን።