ላይ ዘንቧል ወይ?

አጎቴ ስልክ ሲደውሉ እንደ ሌላው ሰው ሰላምታ አያበዙም ነበር። “ላይ ዘንቧል ወይ?” ነው የሚሉት።

እኔ ደብረ ሲና አስተምራለሁ፤ እሳቸው ሸዋ ሮቢት፣ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ እዚህ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርድባቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ዘንቧል ካልኳቸው የውሃ ሞተራቸውን ከወንዙ ዳር ያነሳሉ። “እኛ ባሕር የለን፤ ያለን ከእናንተ የሚወርደው ነው” ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ፈተና ሳርም ደክሞኝ፣ በመስኮት እንኳ ሳላይ “አልዘነበም፣ ጋሼ” አልኳቸው። ሞተሩን ጎርፍ ወሰደው። ሽንኩርቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ውሃ አጥቶ ጠወለገ። በዚያ ዓመት ወደ አዲስ አበባ የሚጭን መኪና ማሳቸው ዳር አልቆመም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ወረድኩ። “የአላህ ሥራ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ” አሉኝ። ወደ ደብረ ሲና በተመለስኩ ማግስት፣ አስር ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የሚያነሱት ሞተር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

“ላይ ዘንቧል ወይ?”

ያን ቀን ደጅ ወጥቼ፣ ሰማዩን አይቼ መለስኩላቸው።

አላህ ይዘንላቸው፣ ካለፉ ወራት ሆነ። ማሳው ጦም አድሯል። ዛሬም አስር ሰዓት ሲሆን እርማቴን ትቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ዶፍ ይወርዳል። የሚጠይቀኝ የለም፤ ወጥቶ ማየቱን ግን መተው አቃተኝ።