ከኋላዬ የተቀመጠው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ መንገድ ቀያሽ ነው። ሥራው አገር ለአገር ሲያዞረው ይከርምና እሪ በከንቱ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ቅዳሜን እንቅልፍ ሲጠግብበት፣ እሱ ሞተሩን አስነስቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወጣ ነበር። ሞተሩ ለአስፋልት የተሠራ አይደለም። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ጭቃና ድንጋይ ላይ እንዲሄድ የታሰበ ነው። አመሻሽ ላይ ሲመለስ የልብሱ ቀለም አይለይም። እናታችን በር ላይ አቁማ ጃኬቱን ታስወልቀውና፣ ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ የሠራ ሰው እንዴት በእረፍቱ ቀን ድካም ፍለጋ ይሄዳል እያለች ትገረማለች። እሱ ይስቃል።

እኔ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ሞተር የማውቀው፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ የሚሰጣበትን ጥግ መያዙን ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ለሥራ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች። ነፍሱ ተረፈ፣ የግራ ቁርጭምጭሚቱ ግን ተሰባበረ። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት አያይዘው እግሩን አዳኑለት፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም። ሞተር ላይ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ይጨመቃል፣ ማርሹ የሚቀየረው ግን በግራ እግር ጫፍ ነው። ጫፉን ከማርሹ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት፣ ወደ ታች መጫን ይጠይቃል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። ከሆስፒታል በወጣ ቀን ደግፈነው ግቢ ስንገባ ሞተሩን አየ፣ እግሩን አየ፣ ቀና ብሎ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ሸራ እንዳለብሰው ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ ተራመድ ብሎታል፤ እሱ ግን በምርኩዝ እስከ ግቢው በር ደርሶ ይመለሳል። ፒያሳም የዚያን ሰሞን እየፈረሰች ነበር። አብረውት ሞተር የሚነዱት ጓደኞቹ ቤታቸው ፈርሶ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ የከተማ ዳርቻ ሄደዋል። መጀመሪያ እየደወሉ ይጠይቁት ነበር፣ በኋላ ስልኩን ማንሳት ሲተው እነሱም ተዉ። ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ምን እያየህ ነው ብለው ግን አያውቀውም።

እናቴ አንድ ቀን ከሥላሴ ስትመለስ ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ ሞተሩ ይሸጥ አለችኝ። ባየው ቁጥር ይብስበታል፣ ከዓይኑ ይራቅ፣ አንቺ አጣጥበሽ ገዢ ፈልጊለት። ለእሱ ለመንገር ድፍረቱ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን ገፈፍኩት። ባልዲና ሳሙና ይዤ ከላይ ጀመርኩ። ወንበሩን አነሳሁ፣ ከሥሩ ያገኘሁትን የአየር ማጣሪያ ቆሻሻ መስሎኝ ጎትቼ አወጣሁት፣ ከዚያ በተከፈተው አፍ በኩል ውስጡን ላጥበው የውኃውን ጎማ አዞርኩ።

"ውኃ እንዳይገባበት" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። ያ አፍ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወስድ መሆኑን፣ ውኃ ከገባ ነገር እንደሚበላሽ እዚያው ቆሞ ነገረኝ። ጨርቅ ወትፊበት አለኝ። ወተፍኩ። እንደዚያ አይደለም አለ። ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፈ መጣና የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አጠገቤ ተቀመጠ። ለምን ታጥቢዋለሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ የገባው ይመስለኛል።

በዚያ ቀን አጥበን አልጨረስንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነዳጅና አየር የሚቀላቀልበትን ካርቡራተር እንድፈታ አዘዘኝ። ውስጡ የቆየው ቤንዚን ደርቆ እንደ ማር ተጣብቋል። ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ቀዳዳ ያንሳሉ። በቀጭን ሽቦ ስጎረጉር እንዴት እንደምይዘው ይነግረኛል፣ ትንሽ ይታገሰኛል፣ መጨረሻ ላይ "እስቲ አምጪው" ብሎ ከእጄ ይቀበለኛል። እጆቹ ሥራ ይዘው ሳይ የእግሩን ነገር የረሱ መሰለኝ። እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ አወጣን፣ ጥላሸቱን በብሩሽ ጠርገን መለስን። ሰንሰለቱን በላምባ አጠብን፣ ዘይቱን ቀየርን። ድሮ መለዋወጫ የሚገዛበት ሱቅ ፈርሶ ስለነበር ባለሱቁ የሄደበትን ሰፈር አፈላልጌ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ይዤ መጣሁ። በስሙ ጠርቼ መግዛቴን ስነግረው ፈገግ አለ።

ሞተሩ የሚነሳው በእግር ተረግጦ ነው። ያን ቀን እኔ ረገጥኩ። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ቅልጥሜን መታኝ። እሱ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ በጉልበት ሳይሆን በክብደቴ እንድወርድበት ይመክረኛል። በመጨረሻ ሳል ያለበት ሰው እንደሚነቃው ነቃ፤ ግቢው በጭስና በድምፅ ሞላ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ልጇ የነዳጁን መስጫ በእጁ ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ድምፁን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየችው። ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች። ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም።

ቆሞ የሚውል ሞተር ተመልሶ ይበላሻል፤ አንድ ሰው ሊነዳው ይገባል። ይህን ወንድሜ ያለኝ ሌላ ወገን እያየ ነው። እኔም ሌላ ወገን እያየሁ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ከባድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ትምህርቱን ጨርሼ ፈቃዱን እስካወጣ ድረስ የወደቅኩትን መውደቅ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። የእሪ በከንቱ ቁልቁለት ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። የመንደራችን ወጣቶች ጥጋቸው ላይ ተደርድረው ሲያዩኝ አንዱ፣ "ቲቸር፣ ካርታው አልበቃ ብሎሽ ነው መሬቱን የምትለኪው?" አለኝ። ጉልበቴ እየደማ ሳቅኩ።

ጥቅምት ውስጥ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ አንድ ቅዳሜ፣ ወንድሜን ከኋላዬ አስቀምጬ በእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ዝም ብሎ መጣ። ሜዳው ውስጥ ስንገባ ግን አላስቻለውም። ማርሽ ቀንሺ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፣ ድንጋዩን አትዪ፣ ከድንጋዩ ባሻገር እዪ። እኔ ወደ ቀኝ ስታጠፍ እሱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከነጂው ጋር ካላዘነበለ ሞተሩ እንደ ግትር በሬ ይጎትታል። በመጨረሻ አንድ ቦይ ስንሻገር እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ መሪውን ያዘ። ለጥቂት ተረፍን። አቆምኩ።

"ጋሼ፣ ውረድ" አልኩት።

"ለምን?"

"ውረድ። ወይ አንተ ንዳ፣ ወይ እኔ ልንዳ። በአንድ መሪ ሁለት ሰው አይነዳም።"

አንተ ንዳ ያልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የተሰማኝ። እሱም ሰማው። ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አሻገረና ወረደ። ይቅርታ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም፣ ጥዬው ሄድኩ።

እንዲህ ብዬ ስጽፈው ያሳፍረኛል እንጂ፣ የዚያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጆሮዬ ሥር ትእዛዝ የሚሰጠኝ ሰው የለም። ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ ጎማው መሬቱን ሲነክስ በእግሬ በኩል ይሰማኛል። ከባሕር ዛፎቹ ባሻገር መሬቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ሳላስበው ከወንበሩ ተነሥቼ በእግር መርገጫዎቹ ላይ ቆምኩ፣ ጉልበቴን አላላሁና ሞተሩ ከሥሬ እንደፈለገው እንዲዘል ተውኩት። ቁልቁለት ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ፤ በጉልበቴ ያወቅኩት ግን ያኔ ነው።

ታች ወንዙ ዳር ያለው ጥቁር ጭቃ ያዘኝ። ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር የኋላው ጎማ እየሰመጠ ሄደ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ወርጄ ልጎትት ስሞክር የወንድሜ ምርኩዝ ሞተሩ ጎን ላይ እንደታሰረ አየሁት። ሜዳ ላይ ያለ ምርኩዝ ጥዬው መጥቻለሁ።

ምርኩዙን ፈትቼ ዳገቱን መሮጥ ስጀምር እሱ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። ይወርዳል። ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ሲጠናበት በመቀመጫው ይንሸራተትና ደግሞ ይነሣል። ከአደጋው ወዲህ የዚያን ያህል ርቀት ተራምዶ አያውቅም። ልደግፈው ስጠጋ መዳፉን ዘርግቶ፣ እዚያው ቁሚ አለኝ። ቆምኩ። ቆሞ ማየት እንዲያ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሲደርስ ፊቱ በላብ ርሷል። የሰመጠውን ጎማ አየና ድንጋይና ቅርንጫፍ እንድሰበስብ ነገረኝ። ጎማው ሥር አነጠፍን። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ በትከሻው ገፋ። ሞተሩ ተስፈንጥሮ ሲወጣ ጎማው የረጨው ጭቃ ከራሱ እስከ እግሩ አለበሰው፣ እሱም በአፍጢሙ ተደፋ። ደንግጬ ስዞር ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አረፍን። ጭቃውን ከጆሮው እየጠረገ፣ "ከኋላ መቀመጥ አላውቅበትም" አለኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ነው የተቀመጥኩት። ታገሺኝ፣ እለምደዋለሁ።"

ቀደም ብዬ ለተናገርኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኩት። ወደ ዳገቱ እያመለከተ፣ "ቁልቁለቱን ቆመሽ ነው የወረድሽው፤ ከላይ ሆኜ አየሁሽ" አለ። "እሱን እኔ አላስተማርኩሽም።"

ስንመለስ እጆቹን ወገቤ ላይ ብቻ አሳረፈ። እኔ ሳዘነብል አብሮኝ አዘነበለ። አንዳንዴ ከኋላዬ መኖሩን እረሳው ነበር፤ አብሮ የሚያዘነብል ሰው ክብደቱ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ወንድሜ ሥራውን በቢሮ ቀጥሏል፣ ሌሎች ለክተው ያመጡትን ይስላል። መራመዱንም ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት እናቴን እስከ ሥላሴ ይሸኛታል። እሷ አቅሙን እንደምትጠብቅለት እንዳያውቅባት፣ "እኔ አርጅቻለሁ፣ ቀስ በል" ትለዋለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ማርሹን በእጅ ለመቀየር የሚያስችል ዘንግ ነድፎ ከአንድ ብረት ሠራተኛ ጋር ሠሩት። የመጀመሪያው ዘንግ ታጠፈ፣ ሁለተኛው ከጉልበቱ ጋር ተጋጨ፣ ሦስተኛው ሆነ።

በግንቦት፣ ደረቁ ሜዳ ላይ፣ ለብቻው ነዳ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እየራቀ ሲሄድ፣ እየተንገዳገደ ማርሽ ሲቀይር፣ ልለው የምፈልገው ሁሉ አፌ ላይ መጣ፦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ድንጋዩን አትይ። ከኋላዬ ተቀምጦ ለምን እንደዚያ ይጮህብኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። መሪውን የያዘ ሰው ለፍርሃት ጊዜ የለውም፤ የሚፈራው የሚያየው ሰው ነው።

ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ መጣና አጠፋው። ድንጋያማውን ዳገት ለረጅም ጊዜ አየው። ድሮ የሚወደው እሱን ነበር፤ በእጅ ማርሽ ግን አይወጣም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ይበቃሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"አንዳንድ ቀን ይበቃኛል" አለ። "አንዳንድ ቀን አይበቃኝም።"

ይዘን የመጣነውን ዳቦ በእንቁላል በላን። ዝናብ ያዘለ ዳመና ከእንጦጦ በላይ እየጠቆረ ነበር። ከመሄዳችን በፊት አንድ ዙር ልድገም አለኝ፤ እኔም ሣሩ ላይ ተቀምጬ፣ ሰንሰለቱ ላልቶ እንደሆነ በጆሮዬ እየተከታተልኩ ጠበቅኩት።