የሃሙንዲዲ ክትባት

ማይዴይ ሰው መለመን አይሆንላትም። ባሏ ከሚሠራበት ሩቅ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ጣሪያው ሲያፈስ ራሷ ትወጣለች፤ ላሟ ምጥ ሲይዛት ራሷ ታዋልዳለች፤ የሦስት ልጆቿን የትምህርት ቤት ልብስ ራሷ ትሰፋለች። «ያቺ ሴት እኮ ጥርሷንም ራሷ ሳትነቅል አትቀርም» ይላሉ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች። ግማሹ አድናቆት ነው፤ የቀረው ሐሜት።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ወባ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ጣላት። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት የባሏ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቴቴ ኤስናት። ቴቴ የምትባል የባል እህት፣ ሴት ብትሆንም፣ በወንድሟ ቤት የምትከበረው እንደ ባል አባት ነው። በነዚያ ሁለት ሳምንታት የቴቴ ጭስ ታይቷል፣ ሳላቸው ተሰምቷል፤ እሳቸው ግን አጥሩን አልተሻገሩም።

ማይዴይ ስትድን ምንም አልተናገረች። ቴቴን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው። በወሩ ግን ቡችላ አመጣችና ስሙን ሃሙንዲዲ አለችው። «አይወዱኝም» ማለት ነው፤ ያውም በአንቱታ።

በዚያ አገር የውሻ ስም የሚወጣው እንዲሰማ ለተፈለገው ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ቆማ፣ «ሃሙንዲዲ፣ ና ብላ» ትላለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ማዶ የድስት ክዳን ከወትሮው ጠንከር ብሎ ይከደናል። ነገሩ በዚሁ ያልፋል። አጥር ላይ የተባለ አጥር ላይ ይቀራል፤ ቴቴን በአደባባይ ያዋረደች ሚስት ግን የካሳ ፍየል ጎትታ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለች።

የውሾቹ ክትባት ቀን ከብቶች ለመዥገር መድኃኒት በሚነከሩበት ገንዳ ዘንድ ሆነ። ዓምና ያበደ ቀበሮ ገብቶ የመንደሩን አራት ውሾች ነክሶ፣ አራቱም ተገድለዋል። አንደኛው የማይዴይ ነበር፤ ልጆቿ ሦስት ቀን እህል አንበላም ብለዋት ነበር። ስለዚህ ሃሙንዲዲን በልጥ ገመድ አስራ ገና በማለዳ ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ውሻው፣ ሰዉ፣ ወሬው። ከሦስት ሰው በኋላ ቴቴ ኤስናት ያረጀ ውሻቸውን ይዘው ቆመዋል።

ተራዋ ሲደርስ የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ጉሻ ካርዱን ዘረጋ። «እናቴ፣ የውሻው ስም ማን ልበል?»

ማይዴይ ይህን አላሰበችበትም። ጉሻ ደግሞ የጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

«እ… ስፓይደር» አለች።

«ስፓይደር፣ ወንድ፣ ቡናማ» አለ ጉሻ።

ከኋላዋ የቆሙት ሴኩሩ ቺሩሜ፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት፣ አገጫቸውን አሻሹ። «እኔ ጠዋት ጠዋት የምሰማው ሌላ ስም ነበር።»

«የእርጅና ጆሮ ነዋ ሴኩሩ» አለች ማይዴይ።

«ይሆናል። ከተማ ገብቶ ስም ቀይሮ የሚመለስስ ስንት አለ።»

ጉሻ መርፌውን ሲያነሳ ቡችላው አንገቱን ከልጡ አሾለከና ሮጠ። በሬዎቹ ወደ ገንዳው በሚነዱበት ጠባብ መተላለፊያ ገባ። የበሬዎቹ ኮቴ እንደ በረዶ ይወርዳል።

«ስፓይደር፣ ና» አለች ማይዴይ። «ስፓይደር። ኧረ ስፓይደር።»

ቡችላው ዞር ብሎም አላየ። አንድ ቀይ በሬ ጭራው አጠገብ ረገጠ። ያኔ ማይዴይ ፍየሉንም ሽማግሌውንም ረሳች።

«ሃሙንዲዲ!»

ሰልፉ በሙሉ ወደ ቴቴ ዞረ፤ ውሾቹ ሳይቀሩ። ቡችላው ተመለሰና በበሬዎቹ እግር መሃል ሾልኮ ወጣ። መንገዱ ላይ ቴቴ ኤስናት ጎንበስ ብለው በአንገቱ ቆዳ አነሱት።

«ማነው የማይወድሽ?» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ሣሩን ማየት ጀመረ።

«ቴቴ፣ ሁለት ሳምንት ታመምኩ» አለች ማይዴይ ቀስ ብላ። «ጭስዎን እያየሁ ተኛሁ።»

«ታማለች ብሎ የነገረኝ ሰው አለ? ማንን ላክሽልኝ?»

«በሽታም ጥሪ ይፈልጋል?»

«በሽታማ አይፈልግም። ቴቴ ትፈልጋለች። ወንድሜ ሲያገባሽ በመልእክተኛ ሰማሁ። ልጆችሽ ሲወለዱ በመልእክተኛ ሰማሁ። ስትታመሚ ግን ጭጭ አልሽ። እሷ ማንንም አትፈልግም፣ እኔንማ ጨርሶ አልኩ። መታመምሽንማ በአጥሩ ሰማሁ፤ ሾርባ ሠርቼ መልእክተኛ ይመጣል ብዬ ሁለት ቀን ደጄን ሳይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ለዚህ ሰጠሁት።» ያረጀ ውሻቸውን በአገጫቸው አመለከቱ።

ያ ሾርባ ማይዴይ ዓይን ላይ ድቅን አለ። ማንንም ላለማስቸገር ዝም ማለቷ ከአጥሩ ማዶ ንቀት ሆኖ ይታያል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም።

«እናቶቼ» አለ ጉሻ፣ «የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ እየቀለጠብኝ ነው።»

ቴቴ ቡችላውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙት፤ ማይዴይ የኋላ እግሮቹን። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ሃሙንዲዲ አንዴ ጮኾ የቴቴን አገጭ ላሰ።

«ያንን ስፓይደር የሚለውን ሰርዘው» አሉ ቴቴ ጉሻን። «ነገ ሰው ቢነክስ ማንን ሊፈልጉ ነው?»

ጉሻ ሰረዘና ትክክለኛውን ጻፈ። «ገና ሕፃን ስለሆነ ከወር በኋላ ይደገምለታል። ለቡችሎች ብዬ እመለሳለሁ።»

ማይዴይ ካርዱን ተቀበለች። ከዚያ ቴቴ ኤስናት እዚያው አጠገቧ ቆመው ሳሉ ወደ ሴኩሩ ቺሩሜ ዞረች፤ በርከክ ብላ በአክብሮት መዳፎቿን ቀስ ብላ አጨበጨበች።

«ሴኩሩ፣ ለቴቴ ኤስናት መልእክት አለኝ። የዛሬ ወር ቡችላዬ ሁለተኛ መርፌ ይወጋል። ለብቻዬ አልችለውም። እንዲመጡልኝ ለምኑልኝ።»

ሴኩሩ ባርኔጣቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ተራመዱ። «ቴቴ ኤስናት፣ ከአጥርዎ ማዶ ተልኬ ነው የመጣሁት» ብለው አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አደረሱ።

«መልእክቱ ደርሶኛል በሏት» አሉ ቴቴ ከቡችላው ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አሁንስ ደህና ናት ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።»

ሴኩሩ ዞሩ። «ደህና ነሽ ወይ ብለውሻል።»

«ደህና ነኝ በሉልኝ» አለች ማይዴይ። ካርዱን አጠፈች። «ከጠዋት ጀምሮ ግን እህል አልቀመስኩም።»

ሴኩሩ ይህንንም አደረሱ።