ሳልህ ቪዲዮና የጨለመው ስክሪን

ሳልህ ሁሴንን ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአባቱ ስም የሚጠራው የለም፤ «ሳልህ ቪዲዮ» ነው የሚሉት። ቤተሰቦቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። እሱ ግን እርሻው አልሆንልህ ሲለው ኮምቦልቻ ሄዶ ከአንድ ፎቶ ቤት ካሜራ መያዝ ተማረ፤ ተመልሶም መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራየ። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ሲና እስከ ማጀቴ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሠርግ የሚቀርጸው እሱ ሆነ። እጁ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

በ2005 ዓ.ም. የሐይማኖትን ሠርግ ቀረጸ። የሙሽሪት እናት እትዬ ፈለቀች በአውራ ጎዳናው ላይ ሆቴል ያላቸው፣ ንግግር የማያለሳልሱ ሴት ናቸው። ሙሽራው የማጀቴ ሰው ስለነበር ሳልህ እዚያ ድረስ ተከትሎ ሄደ። የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሠርግ ስለፈለገው ምስሉን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ካርዱ ላይ ያለውን አጠፋ። ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ የማሽላ ጆንያውን ላፕቶፑን የያዘው ቦርሳ ላይ ጣለበት። ቤት ደርሶ ሲከፍተው ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል።

የመስመር ሾፌር የሆነው ጓደኛው ደምሴ ከአዲስ አበባ አዲስ ስክሪን ገዝቶ አመጣለት። ሳልህ እዚያው እንደቆመ ካቻቪቴውን አነሳ። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀና አበራው። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ የመክፈቻው ድምፅም ተሰማ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

አጥፍቶ አበራው። ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ከተተ። ሚሞሪውን አውጥቶ አራግፎ ገጠመ። ምንም የለም። የቆላው ሙቀት ክፍሏን ምድጃ አድርጓታል፤ ላቡ ኪቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ ግንባሩ ላይ አሰረ። ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። ባለቤቱ ሐጂራ ምሳ ስታመጣለት ሳይቀምሰው ቀረ።

ላፕቶፑ ራሱ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ነበረበት፤ የሚስማማው ቴሌቪዥን ደግሞ እትዬ ፈለቀች ሆቴል ነው ያለው። ቪዲዮውን ዛሬ ነገ እያለ ስላመላለሳቸው እያፈረ ሄደ። ኬብሉን ሰክቶ ቪዲዮውን ሲከፍተው ሐይማኖት በቬሎዋ፣ ከነሚዜዎቿ ግድግዳው ላይ ቦግ አለች። ሳልህ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሳይጨርስ እትዬ ፈለቀች ከኋላው ደረሱ።

«ይኸው ይሠራል አይደል? ተበላሽቷል እያልክ ነው እስካሁን ያመላለስከኝ?»

«እትዬ፣ ምስሉ ደህና ነው። የጠፋው ስክሪኑ ነው።»

«እኔ በዓይኔ እያየሁት!»

ሊያስረዳቸው ቢሞክር አልሰማ አሉ። እንግዲያው እዚሁ ሆነህ ጨርሰው ብለው ወንበር ሰጡት። ነገር ግን ኳስ ሊያዩ የገቡት ደንበኞች ቴሌቪዥኑ ይለቀቅልን ብለው ስላጉረመረሙ ሥራውን ሳይጀምር ተነሳ።

አሁን ጥፋቱ የስክሪኑ ነው ብሎ ቆረጠ። ሻጩን በስልክ ቢወቅሰው ሰውየው መልሰህ ላከው አለ። ደምሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ዳገት ይዞት ወጣ። ይዞት የተመለሰው ግን ያንኑ ስክሪን ነው፤ ሻጩ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ገጥሞ ሲያየው በርቷል። ሳልህ ካቻቪቴውን ወርውሮ ወደ መስጊድ ሄደ።

ሲመለስ ሐጂራ የተበተኑትን ብሎኖች በሰሃን ሰብስባ ጠበቀችው። «ብሎኖቹን ሳታጠብቅ አብርተኸው ታውቃለህ?» አለችው።

አያውቅም። ከጥድፊያው የተነሳ ሁልጊዜ ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ ነበር የሚያበራው። ስክሪኑን በኬብሉ ብቻ አገናኝቶ፣ ብሎን ሳያስር አበራው። በራ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያሰረ ሲሄድ፣ ማጠፊያው ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ፈቶ አየው። ቀጭኑ ኬብል ማጠፊያው ሥር ተጨፍልቋል፤ የላይኛው ሽፋኑም ተልጧል። የጨፈለቀው እሱ ራሱ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን።

ኬብሉን አቃንቶ በፕላስተር ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ክዳኑ በግማሽ ሲከፈት ይበራል፤ ትንሽ ከፍ ካደረጉት ይጨልማል። ሳልህ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አጥፎ፣ ክዳኑ እንዳይነቃነቅ በጡብ አስደግፎ የሐይማኖትን ሠርግ ምስል እየቆረጠ እየቀጠለ አቀናበረ። አንገቱ ደርቆ ወደ ጎን መዞር አቃተው።

ሲዲውን ሲያስረክብ እትዬ ፈለቀች እንግዶቻቸውን አስቀምጠው ከፈቱት። ልጃቸው በምስሉ ላይ ስትወጣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳልህ ልቡ ጥቂት እንደተረጋጋ እሳቸው ዞር ብለው፣ «ቀለሙ ምነው ጠቆረ?» አሉት።

በጎን እያየ የሠራው ስለሆነ ቀለሙን እንዳልለየው ሊነግራቸው አሰበና ተወው። «አስተካክዬ አመጣዋለሁ፣ እትዬ» ብሎ ሲዲውን ተቀበላቸው።