«ዝቅተኛ» የምትለዋ ቃል

ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ድልድዩ ስር ወርዳ፣ ምሰሶው ላይ በቀይና በነጭ ቀለም የተሰመረውን መለኪያ አንብባ፣ የወንዙን ከፍታ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ወንዙ ከተራራው ወርዶ ትንሿን ከተማ ታክኮ ያልፋል። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል፤ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ግን ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ችግሩ የሚጠይቃት አለመኖሩ ነው።

አምና ግን ጠየቋት። ማዘጋጃ ቤቱ የጎርፍ ስጋት ሊያስጠና ቅጽ ላከላት። ቅጹ እጅና እግር የለውም፤ ለምን እንደሚሞላ እንኳ አይናገርም፤ በአንድ በኩል የቦታዎች ዝርዝር፣ ከጎኑ «ሁኔታ» የሚል ባዶ ሳጥን፣ በቃ። የምን ሁኔታ? የምትጠይቀው ሰው ስታጣ ጊዜ ስለ መሬቱ አቀማመጥ መሰላት። ድንጋያማውን ኮረብታ «ከፍተኛ» አለችው። ወንዙ ዳር ለጥ ብሎ የተኛውን ሜዳ ደግሞ «ዝቅተኛ»። ዝቅ ያለ ነዋ! ፈርማ ላከች።

ዘንድሮ የጥናቱ ሠንጠረዥ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። «ሁኔታ» የሚለው ቃል ጠፍቶ በቦታው «የስጋት ደረጃ» ገብቷል። ኮረብታው ከፍተኛ፣ ሜዳው ዝቅተኛ፤ ከግርጌው የእሷ ፊርማ። ቆሽቷ አረረ። ውሃ ሽቅብ ይወጣል ያላቸው ማነው? ይባስ ብሎ ለቤት መሥሪያ ቦታ የሚሰጠው ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ሠንጠረዥ አይቶ ነው፤ ታናሽ ወንድሟም ሦስት ልጆቹን ይዞ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። በዚያው ቀን ልትነግረው ይገባ ነበር። ግን «እትዬ ሜትር ተሳሳተች» መባሉን ፈራች። መጀመሪያ ላስተካክለው አለችና ጸሐፊው ዘንድ ገባች።

«ልጄ፣ ይሄ ተገልብጧል። እኔ ዝቅተኛ ያልኩት መሬቱን ነው።»

«ዝቅተኛ ብለው ጽፈዋል አይደል?»

«ጽፌያለሁ፣ ግን...»

«ታዲያ እኛ ምን ቀየርን?»

«ርዕሱን ነዋ!»

«እሱን የቀየሩት አጥኚው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል።»

ሰኞ ይምጡ አላት። ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ መስክ ወጥተዋል። ማመልከቻ አስገባች፤ ማመልከቻው የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። እንዲህ ሂጂ ነይ ስትባል አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አድፍጣ ያዘቻቸው።

«እርማት የምንቀበለው ከባለሙያ ነው» አሏት እየተራመዱ።

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺማ ለኪ ነሽ።»

ለስህተቱ የበቃው ፊርማዋ ለእርማቱ አልበቃም ማለት ነው! ደሟ ፈላ። ደረጃውን ለብቻዋ እያወራች ወረደች፤ ያያት ሁሉ ዞር ብሎ አሳለፋት። ከዚህ በኋላ ማፈር ብሎ ነገር የለም፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ ብላ በሜዳው አቋርጣ ወደ ወንድሟ ቤት አቀናች።

ሜዳው ላይ ሲባጎ ተወጥሯል። ከሲባጎው ስር፣ እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሠረት የሚቆፍረው ራሱ ወንድሟ ነው።

«እትዬ! ጨርሼ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር እኮ፣ አበላሸሽው!» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ማን ነው እዚህ የመራህ?»

«ራሴ መረጥኩ። ኮረብታው ላይ ሰጥተውኝ ነበር። ድንጋይ ነው፣ ግን ልወስደው ነበር፤ ወንዝ ዳር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፊርማሽን አየሁ። እሷ አይታው ከፈረመችበት ምን እፈራለሁ ብዬ አስቀየርኩ።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ የተሰካውን አካፋ ነቅላ የወጣውን አፈር መልሳ ወደ ውስጥ መዛቅ ጀመረች። አፈሩ ጫማው ላይ ተከመረ።

«እትዬ! አበድሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ» አለች እያለቀሰች። «ውጣና አግዘኝ።»